ለላፕቶፑ ቀላል፣ ለእጅ ከባድ

ጅራቷን ለሦስተኛ ጊዜ አስፋልት ያስነካሁት ባህር ዳር ላይ ነው። ኮክፒቱ ውስጥ ማኮብኮቢያው መነካቱን የምትናገር መብራት ቦግ አለች። ይቺ መብራት የሲሙሌተር ሠሪዎች ቀልድ አይደለችም፤ እውነተኛዋ ዳሽ 8 ኪው400 ራሷ አላት። 32.8 ሜትር የሚረዝም ቀጭን ገላ ነው፤ ስታሳርፏት አፍንጫዋን ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ካነሳችሁት ጅራቷ መሬት ይልሳል። ሠሪዎቿ ይህ እንደሚመጣ አውቀው መብራት አበጁለት።

ይህን ሁሉ ጥፋት የፈጸምኩት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ 8 ጊጋ ራም ባለው፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ በሚጮህ ላፕቶፕ ላይ ነው። አውሮፕላኗ ማጄስቲክ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2013 ለማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ያወጣት አድኦን ናት። ለማያውቅ ሰው፣ አድኦን ማለት ሲሙሌተሩ ይዟቸው ከሚመጣው አውሮፕላኖች ውጭ ሌሎች ሠርተው የሚሸጡት ወይም በነጻ የሚለቁት ነው። ሲሙሌተሩ ራሱ የ2006 ዕቃ ነው። ታዲያ ስለ አሮጌ ሲሙሌተር አሮጌ አውሮፕላን ዛሬ ሂስ መጻፍ ምን ይሉታል? እኔን የከነከነኝ አንድ ቃል ነው፤ «ቀላል» የሚለው።

ሲሙሌተር የጀመረ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ላፕቶፔን የማያስጨንቅ፣ ቀለል ያለ፣ ፕሮፔለር ያለው የመንገደኛ አውሮፕላን አለ?» ጥያቄው ትክክል ነው። ቱርቦፕሮፕ ለእኛ የሚስማማ ምርጫ ነው። በረራው አጭር ነው፤ መብራት ሳይጠፋ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ጎንደር መድረስ ትችላላችሁ። (ይህን እንደ ቀልድ የሚወስድ ሰው ቤቱ ጄኔሬተር አለው ማለት ነው።) የአገር ውስጥ መንገዶቻችንም የቱርቦፕሮፕ መንገዶች ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፎከር 50ዎቹን በኪው400 ከተካ ወዲህ ደግሞ የኪው400። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። ገበያው «ቀላል» የሚለው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ነው፤ ለኮምፒውተሩ ቀላል የሆነውንና ለአብራሪው ቀላል የሆነውን። ሻጮቹ ሁለቱን ያምታታሉ፣ እኛም አብረን እንምታታለን።

ከኪው400 በፊት አንድ ሌላ ቱርቦፕሮፕ ነበረችኝ። ስሟን ልለፈው። ስታዩአት ታምራለች። የወንበሩ ቆዳ ስፌቱ ሳይቀር ይታያል፤ የመሪው ቀለም እጅ የሚበዛበት ቦታ ላይ ተፍቋል። ለዚያ ስፌት ላፕቶፔ በሰከንድ 14 ፍሬም እየጎተተ ዋጋ ይከፍላል። አንድ ቀን ከቦሌ ስነሳ የግራ ሞተሯን ሆን ብዬ አጠፋሁት። ምንም! ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አለች፣ በጆይስቲክ መለስኳት፣ በቃ እንደ ሊፍት ቀጥ ብላ ወጣች።

ቦሌ እኮ 7,625 ጫማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። እዚያ የአየሩ ጥግግት ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 80 በመቶ ያህል ነው፤ ቀኑ ሞቃት ከሆነ ከዚያም ይሳሳል። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ያንሳል፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ያንሳል። የፍጥነት መለኪያው 120 ኖት እያለ አውሮፕላኗ አየሩን የምትሰነጥቀው በ134 ኖት አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ለመነሳትም ለማረፍም ብዙ አስፋልት ትበላለች። እንዲህ ካለ ቦታ በአንድ ሞተር መነሳት ላብ ማስወጣት አለበት። ያቺ ውብ አውሮፕላን ግን ቦሌም ላይ ሆነች ጅቡቲ ባህር ዳርቻ ላይ ያው ናት። ሠሪዋ የክር ስፌት ቆጥሮ ደጋውን ረስቶታል።

ያንኑ ፈተና ለማጄስቲኳ ኪው400 ሰጠኋት። ከመነሳቴ በፊት ኦቶፌዘር የሚባለውን ቁልፍ አብርቻለሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ስድስቱ ምላጮች ራሳቸውን አዙረው ጠርዛቸውን ለነፋሱ ሰጡ። ባይሰጡ ኖሮ 4.1 ሜትር ስፋት ያለው ፕሮፔለር እንደ ግድግዳ ተገትሮ ወደኋላ ይጎትታት ነበር። የቀረው ሞተር ሳልነካው ጉልበት ጨመረ፤ በእውነተኛዋም ላይ ይህን የሚያደርገው ኮምፒውተሩ ነው። አፍንጫዋ ግን ወደ ሞተው ሞተር ዞረ። ፔዳል ስለሌለኝ የጆይስቲኩን እጀታ እስከ ጥግ ጠምዝዤ ያዝኩት፤ አንጓዬን እስኪያመኝ። ወጣች፣ ግን እየተለመነች። እንጦጦ ያን ቀን ቁመት የጨመረ መሰለኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ላፕቶፔ በሰከንድ 30 ፍሬም እየሰጠኝ ነበር።

እንዴት ሆነ? ያ ሲሙሌተር ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ነው፤ ኮምፒውተራችሁ የፈለገውን ያህል ራም ቢኖረው ከ4 ጊጋ በላይ መጠቀም አይችልም። ተራራው፣ ደመናው፣ ኤርፖርቱ፣ የአውሮፕላኗ የወንበር ስፌት ሁሉም ከዚያች 4 ጊጋ ነው የሚበሉት። ስትሞላ ሲሙሌተሩ ይዘጋል። ሦስት ሰዓት በርራችሁ ለማረፍ አሥር ደቂቃ ሲቀራችሁ ዴስክቶፑን ታያላችሁ። የሞተር ስሌቱም ለቱርቦፕሮፕ ደካማ ነው። ማጄስቲክ ያደረገው የበረራውን ስሌት ከሲሙሌተሩ ማውጣት ነው፤ ክንፉ፣ ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩ የሚሰላው ውጭ ነው፣ ሲሙሌተሩ እንደ መስኮት ብቻ ያሳያል። ኮክፒቱን ሲስሉ ደግሞ እጃቸውን ሰበሰቡ። ቁልፎቹ ይነበባሉ፣ ስክሪኖቹ ጥርት ብለዋል፣ የቀረው ግራጫ ፕላስቲክ ነው። እዚህ ጋ ነው ሂሱ የሚጀምረው፤ እያንዳንዱ ሠሪ የሆነ ነገር ይተዋል፣ የሚያስጠይቀው የተወው ነገር ምንነት ነው። እነዚህ ሰዎች ዓይን የሚያየውን ቀነሱ፣ እጅ የሚያውቀውን አስቀሩ። የቀድሞዋ ቆንጆ ተቃራኒውን ነበር ያደረገችው።

እጅ የሚያውቀው ስል ምሳሌ ልስጣችሁ። ኪው400 ላይ ኦቶትሮትል የለም። ለማረፍ ስትቀርቡ ጉልበቱን የምታስተካክሉት ራሳችሁ ናችሁ። ጉልበት በነካችሁ ቁጥር አፍንጫዋ ወደ ጎን ትንሽ ይሸሻል፣ ኦቶፓይለቱ ይህን አያስተካክልም፤ የጅራቱን ትሪም በእጃችሁ ጠቅ ጠቅ ማድረግ አለባችሁ። ሲነሱ፣ ሲወጡ፣ ሲወርዱ፣ ሁልጊዜ። መጀመሪያ ሰሞን አድኦኑ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጭኜዋለሁ። አውሮፕላኗ ናት እንደዚያ።

ማረፉ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። በጄት የለመደ ሰው መሬት ሲቃረብ ጉልበቱን ይዘጋል፣ አፍንጫ ያነሳል፣ ይንሳፈፋል። እዚህ ጉልበቱን ከዘጋችሁ ሁለቱ ትላልቅ ፕሮፔለሮች ፍሬን ይሆናሉ፤ ከክንፉ ላይ የሚነፍሱት አየርም አብሮ ይቀንሳል፤ እንደ ጆንያ ትወድቃለች። ስትወድቅ ደንግጣችሁ አፍንጫ ታነሳላችሁ። ያኔ ጅራት፣ ያኔ መብራቷ። መፍትሔው ከደመ ነፍስ ጋር ይጣላል፤ ስትሰምጥ አፍንጫውን ተዉትና ጉልበት ጨምሩ፣ ጎማዎቹ እስኪነኩ ትንሽ ጉልበት ይዛችሁ ቆዩ። ይህን በጽሑፍ አሥር ጊዜ አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን ባህር ዳር ላይ ጅራት ከሰበርኩ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ለሰርግ ባህር ዳር በእውነተኛዋ ሄድኩ። መስኮት ደርሶኝ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከቦሌ ተነስተን ትንሽ እንደወጣን የፕሮፔለሩ ድምፅ ወፈር አለ፤ በደቂቃ ከ1,020 ዙር ወደ 900 ወረደ ማለት ነው። ጎኔ የተቀመጡት እናት ደንግጠው «ምን ሆነ ልጄ?» አሉኝ። «ምንም አይደል እማማ፣ ማርሽ እንደመቀየር ነው» አልኳቸው፤ ማርሽ አይደለም፣ ግን ለዚያ ሰዓት በቂ ነበር። የዓባይን በረሃ አልፈን ስንወርድ ጎማው ከሞተሩ ሆድ ወጥቶ መስኮቴ ፊት ተንጠለጠለ። መሬት ልንነካ ስንል ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ጣልኩ። ድምፁ እስከ መጨረሻው አልጠፋም። አብራሪው ጉልበት ይዞ ነው ያረፈው። ስለ አንድ አድኦን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ አልችልም።

እንከን የላትም እያልኩ አይደለም። ከውጭ ስታዩአት ዕድሜዋ ያስታውቃል፤ በጀንበር መጥለቂያ ፎቶ ለማንሳት የምትፈልጉ ከሆነ ትቀየማላችሁ። መመሪያዋ የሚያነበው ሰው ቀድሞ አብራሪ እንደሆነ ቆጥሮ ይጀምራል፤ ይህን ግን እንደ ጽኑነት ልቆጥርላቸው አልችልም፣ ስንፍና ነው። ሰውን በር ላይ አቁሞ ማስጠናት ሌላ፣ ውስጥ አስገብቶ ማስተማር ሌላ።

እ.ኤ.አ. በ2023 በወቅቱ አዲስ ለነበረው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የወጣው ኤቲአር 42 እና 72-600 ማስተማሩን ይሞክራል። በኤቲአር ኩባንያ ትብብር የተሠራ ነው፣ ሲወጣ ዋጋው 20 ዶላር ገደማ ነበር። በጣም የወደድኩለት ሆቴል ሞድ የሚባለውን ነው። ኤቲአር መሬት ላይ መብራትና አየር የሚሰጥ ሦስተኛ ትንሽ ሞተር የላትም፤ ስለዚህ የቀኙን ሞተር አስነስተው ፕሮፔለሩን በፍሬን ይይዙታል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ፕሮፔለሩ ቆሟል። ይህ የሚሆነው የኤቲአር ሞተር ውስጥ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ተርባይን ከቀረው ጋር በዘንግ ስላልተያያዘ ነው። አንድ ማብሪያ ነክታችሁ የሞተሩ አሠራር በሙሉ ይገባችኋል። መልኳም ያምራል፣ ከባዶቹን ጄቶች ያህልም ላፕቶፕ አታስጨንቅም። ግን የምትኖርበት ሲሙሌተር በትንሹ 150 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል፣ መልክዓ ምድሩንም እየበረራችሁ ከኢንተርኔት ነው የሚያወርደው። አውሮፕላኗ ቀላል ናት፣ ቤቷ ከባድ ነው። በሞባይል ዳታ የላሊበላን ተራራ ለማየት የሞከረ ይመስክር።

ዋጋም አለ። ከላይ «ነበረችኝ» እያልኩ በኩራት ሳወራ የዘለልኩት ነገር አለ፤ የመጀመሪያዋን ኪው400 የጫንኳት ከጓደኛ በፍላሽ ተቀብዬ ነው። ክራክ። ያኔ በዶላር የሚከፍል ካርድ በአካባቢዬ ያለው ሰው አላውቅም ነበር፤ ያ ምክንያት ነው፣ ሰበብ ግን መሆኑን አውቀዋለሁ። ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ የገዛችልኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለ ሃፍረት እተቻት ነበር፤ ቀለሙ ደብዛዛ ነው፣ መመሪያው ደረቅ ነው። ከከፈልኩ በኋላ ትችቴ አልቀነሰም፣ ግን የተለየ ነገር ማየት ጀመርኩ። የእያንዳንዱን ቁልፍ ሥራ ሰው ተቀምጦ እንዳሰላው ታየኝ። እኛ «ቀላል» እያልን በነጻ ስንፈልግ፣ የምናገኘው ስሌቱ ወጥቶለት ቀለሙ የቀረ ነገር ነው፤ ቀለም በስክሪን ፎቶ ይሸጣል፣ ስሌት አይታይም።

ደከም ያለ ላፕቶፕ ካላችሁና አሮጌው ሲሙሌተር አይከብዳችሁም ካላችሁ፣ ኪው400ን ውሰዱ። የመጀመሪያውን በረራ ከቦሌ ባህር ዳር አድርጉት፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። ኦቶፌዘሩን ሳታበሩ እንዳትነሱ። ለማረፍ ከመቅረባችሁ በፊት ፕሮፔለሩን ወደ 1,020 መልሱት፣ አፍንጫዋን ከ5 ዲግሪ አታሳልፉት። ስትሰምጥባችሁ ጉልበት ጨምሩ።