ከመሣሪያው ጋር የተሸጠ ፈቃድ፦ በወረታ ስለሚታየው የዊንዶውስ አጫጫን ልማድ የቀረበ ትችት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ የፎገራን ሜዳ ሲያቋርጥ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ ላይ የወረታ ከተማ ትገኛለች። ስለ ፎገራ ሩዝ፣ ስለ ፎገራ ከብት፣ ስለ ሪብና ስለ ጉማራ ወንዞች ሙላት ብዙ ጥናት ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያነሣው ግን ለጥናት የማይበቃ የሚመስል፣ ነገር ግን በከተማይቱ ውስጥ ዘወትር የሚፈጸም አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም የታወከ ላፕቶፕን «ፎርማት ማድረግ» የሚባለው ነው። ጸሓፊው የሕግም የኮምፒዩተርም ሊቅ አይደለም። ሆኖም በዚህ ሥራ ምክንያት በቤተ ሰቡ ላይ የደረሰው ጉዳት ነገሩን እንዲመረምር ስላስገደደው፣ ያገኘውን ለጓደኞቹና ለመምህራኑ ለማቅረብ ደፍሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ወረታ በሄድሁ ጊዜ የታላቅ እኅቴን ላፕቶፕ እጅግ ተንቀራፎ አገኘሁት። እኅቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ የተማሪዎቿን ውጤት የምትመዘግበው በዚሁ መሣሪያ ነው። እኔም ለመመረቂያ ጽሑፌ ከሽማግሎች የሰበሰብሁትን ማስታወሻ በእሱ ላይ አኑሬ ነበር። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ሠራተኛው ወጣትና ትሑት ሰው ነበር። «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም፤ የምትፈልጉትን በፍላሽ አውጡ» አለን። እኅቴም «ከመሣሪያው ጋር የመጣው ዊንዶውስስ ምን ይሆናል?» ብላ ብትጠይቀው፣ «እትዬ፣ ሁሉም አንድ ነው፤ እንዲያውም የሚበልጠውን፣ ፕሮውን ነው የምጭንልዎት» ሲል መለሰላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሒሳቡን ከፍለን መሣሪያውን ተቀበልን።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በፍላሽ የገባ ቫይረስ ማኅደሮቹን ሁሉ ወደማይከፈቱ ምልክቶች ለወጣቸው። እኅቴ የአንድ መንፈቅ ዓመት ውጤት ከወረቀት ላይ እንደገና ለቀመች፤ እኔ ግን ከማስታወሻዬ ከፊሉን በጭራሽ አላገኘሁትም። ካነጋገርኋቸው ሽማግሎች አንዱ በዚያው ክረምት ዐርፈው ስለ ነበር፣ የእርሳቸውን ቃል ዳግመኛ መጠየቅ አይቻልም። ቫይረሱ የገባው ዊንዶውሱን ለማስከፈት ከተጠቀሙበት ፕሮግራም ጋር ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም። የዊንዶውሱ የቫይረስ መከላከያ ግን ያ ፕሮግራም እንዲሠራ ሲባል ተዘግቶ እንደ ቀረ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ከዚህ በኋላ ያወቅሁት ነው። ወደ ኮሌጅ ስንመለስ አንድ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ጓደኛዬ ላፕቶፑን ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ዓይነት ዊንዶውስ፣ ማለት በሆም፣ እንደገና ጫነው። ቁልፍ አልተጠየቀም፤ ገንዘብም አልተከፈለም። ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ጊዜ ፈቃዱ በራሱ ጸደቀ። ስለዚህ እኅቴ በጥገና ቤቱ የተጫነላት ያልተፈቀደ ቅጅ፣ ዋጋውን አስቀድማ በከፈለችው ሕጋዊ ፈቃድ ላይ ነበር ማለት ነው።

ፈቃዱ የት ይኖራል?

ማይክሮሶፍት አክቲቬሽን የሚባለውን ማረጋገጫ በዊንዶውስ ላይ ለተራው ተጠቃሚ በሰፊው የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ከዚያ አንሥቶ እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ፣ ዊንዶውስ ተጭኖበት የሚሸጥ ላፕቶፕ 25 ፊደላትና ቁጥሮች አምስት አምስት ሆነው የታተሙበት ወረቀት ከሥሩ ይለጠፍበት ነበር። ወረቀቱ ሲፋቅ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ግን ቁልፉ ከወረቀት ተነሥቶ በማዘርቦርዱ ቋሚ ማኅደር ውስጥ ይጻፍ ጀመር። ዲስኩ ቢደመሰስ ወይም በሌላ ቢተካ ይህ ቁልፍ አይነካም፤ ጫኙ ፕሮግራም ራሱ አንብቦ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ በዊንዶውስ 10፣ ሁለተኛ መዝገብ ተጨመረ። ይኸውም የኩባንያው ሰርቨር የመሣሪያውን መታወቂያ ይዞ የሚያቆየው ዲጂታል ላይሰንስ የሚባለው ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ጥብቅ ሁኔታ አለ፤ የሚጫነው ዓይነት ፈቃዱ ከተሰጠበት ዓይነት ጋር አንድ መሆን አለበት። በሆም ፈቃድ የወጣ መሣሪያ ፕሮ ቢጫንበት ፈቃዱ አያገለግልም። ሆም ሲንግል ላንጉዌጅ የሚባለው ዓይነትም ከተራው ሆም የተለየ ሆኖ ይቆጠራል። የጥገና ቤቱ ወጣት «የሚበልጠውን» ሲጭንልን ያበላሸው ይህንኑ ነው። በቸርነት የሰጠን ብልጫ የያዝነውን መብት ከጥቅም ውጭ አደረገብን።

ይህ አሠራር ለከተሜው እንግዳ ቢመስለው፣ ለፎገራ ገበሬ በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው የያዘው የመጠቀም መብት ነው፤ ለዚህም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው። ደብተሩ የተጻፈው ለዚያ ማሳ ስለ ሆነ ወደ ሌላ ማሳ አይዛወርም። የሪብ ሙላት ማሳውን ደለል ቢያለብሰውና ገበሬው እንደገና ቢያርሰው መብቱ አይቀርም። ደብተሩ ቢጠፋበትም በወረዳው መዝገብ ይገኛል። ማዘርቦርዱ ማሳው ነው፤ ፎርማት ማድረግ እንደገና ማረስ ነው፤ የኩባንያው ሰርቨርም የወረዳው መዝገብ ነው። እንግዲህ ደብተር እያለው በሌላ ሰው ስም የተሠራ የሐሰት ደብተር ገዝቶ የገዛ ማሳውን የሚያርስ ገበሬ ብናይ ምን እንል ነበር? በየጥገና ቤቱ የሚደረገው ከዚህ አይለይም።

ስለ ጥገና ቤቶች

ወቀሳውን ሁሉ በባለ ጥገናዎቹ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ያነጋገርኋቸው ጥቂቶቹ የሰጡኝ ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ አንድ ፍላሽ ላይ ያለ አንድ ፕሮ ለመጣው መሣሪያ ሁሉ ያገለግላል፤ የእያንዳንዱን ዓይነት መርምሮ መጫን ግን ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው የኢንተርኔት ዋጋ ነው። ከኩባንያው የሚወርደው የመጫኛ ፋይል ያለ ክፍያ ቢሰጥም ብዙ ጊጋባይት ነው፤ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ፍላሽም ይፈልጋል። ሦስተኛው ደንበኛው ራሱ ነው፤ «ቶሎ ይድረስልኝ» እንጂ «ፈቃዱ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እነዚህ ምክንያቶች ልማዱን ያስረዳሉ፤ ትክክል ግን አያደርጉትም። ዓይነቱን ከመደምሰስ በፊት ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ በሴቲንግስ ውስጥ አክቲቬሽን በሚለው ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ፋይሉም አንድ ጊዜ ከወረደ ሆሙንም ፕሮውንም በአንድነት ስለሚይዝ ለብዙ ደንበኞች ይሆናል። ደግሞም መሣሪያው የሚነሣ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ራሱን በራሱ የሚያድስበት መንገድ ስላለው ሁልጊዜ ፍላሽ አያስፈልግም።

አንባቢ የራሱን መሣሪያ ለመመርመር ቢፈልግ አንድ ምልክት ልጠቁመው። በግል ገንዘብ በተገዛ ላፕቶፕ ላይ የአክቲቬሽኑ ገጽ ፈቃዱ የጸደቀው በድርጅትህ አገልግሎት ነው የሚል ከሆነ መጠርጠር ይገባል። ይህ ዓይነት ፈቃድ ብዙ ኮምፒዩተር ላላቸው መሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀ ነው፤ እያንዳንዱም መሣሪያ ቢዘገይ በ180 ቀን አንድ ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ማሳደሻ ማግኘት አለበት። ያልተፈቀዱት ማስከፈቻዎች ብዙውን ጊዜ ይህንን ሰርቨር አስመስለው ይሠራሉ።

የዘሩ ክርክር

ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስነጋገር ብርቱ መቃወሚያ አቀረበልኝ። «የፎገራ ገበሬ የሩዝ ዘር ከጎረቤቱ ይወስዳል፤ ካጨደውም ለዓመቱ ያስቀራል፤ ለሌላም ይሰጣል። ዘር ሲበዛ ለሰጪው አይጎድልበትም። ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው፤ ስለዚህ መቅዳት ለምን ነውር ይሆናል?» አለኝ። ይህን ክርክር በቀላሉ የሚያልፍ ሰው አላሰበበትም እላለሁ። በእርግጥ ቅጅ ከዋናው ላይ አያጎድልም።

ነገር ግን ሁለት ልዩነት አለ። ዘሩን የሚሰጠው ጎረቤት ምን እንደ ሰጠ ያውቃል፤ ተቀባዩም በእጁ ዘግኖ ያየዋል፤ ቢያንቅ ወይም አረም ቢቀላቀልበት ከማን እንደ መጣ ይታወቃል። ያልተፈቀደው ማስከፈቻ ግን ማን እንደ ሠራው፣ በውስጡም ምን እንዳለ ጫኙም አስጫኙም አያውቁም፤ ይልቁንም ቤቱን የሚጠብቀውን ውሻ አስረህ አስገባኝ ይላል። ሁለተኛ፣ ክርክሩ የሚጠቅመው ፈቃድ ለሌለው ሰው ነው። ፈቃድ ኖሮት ሳለ ያልተፈቀደውን ለሚያስጭን ሰው ድህነትም ሆነ መተጋገዝ ምክንያት ሊሆነው አይችልም። የዘር ልማድን በኮምፒዩተር ለማግኘት የሚሻም እንደ ኡቡንቱ ያሉ፣ መቅዳትና ማካፈል በግልጽ የተፈቀደባቸው ሲስተሞች አሉለት።

ስለ ኩባንያው ውል

የኩባንያውም ውል ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ውሉ ሶፍትዌሩ በፈቃድ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አይደለም ይላል። ገዢው ግን ሱቅ ገብቶ ዋጋ ከፍሎ ሲወጣ ራሱን የሚቆጥረው እንደ ገዢ ነው። ረጅሙን ጽሑፍ «እስማማለሁ» ብሎ የሚያልፈው ሰው ያነበበውና የተረዳው ነው ብሎ መገመት በእኛ አገር ልብ ወለድ ነው። በስልክና በኮምፒዩተር የአማርኛ ትርጉሞች ላይ የሚታየው «አግብር» የሚለው ቃል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ተርጓሚው በግእዝ ገብረ ማለት ሠራ መሆኑን ተመልክቶ ሊሆን ይችላል፤ የገበሬ ልጅ ጆሮ የሚሰማው ግን ግብርን ነው። እኅቴ በስልኳ ላይ ይህን ቃል ስታይ «ደግሞ ለማን ነው የምገብረው?» ብላለች።

ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር መታሰሩም ሊመረመር ይገባል። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ባለቤቱ በራሱ ወጪ ቢተካው፣ ከፋብሪካ የመጣው ፈቃድ እንደ ደንቡ አይከተለውም። መብራት እየጠፋና ኃይሉ እየተለዋወጠ በሚመጣበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እስራቱም የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የጀርመን ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ማይክሮሶፍት ለአዲስ ኮምፒዩተር የተዘጋጁ ቅጆች ከኮምፒዩተሩ ተለይተው እንዳይሸጡ መከልከል አይችልም ሲል ፈርዷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 ያለ ጊዜ ገደብ የተሰጠ የሶፍትዌር ፈቃድ እንደገና ሊሸጥ እንደሚችል ወስኗል።

በእኛም አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። ይኸው አዋጅ ግን ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው የጠፋበትን ወይም የተበላሸበትን ለመተካት ቅጅ ቢያደርግ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው እንደማይችል ደንግጓል። እንግዲህ ሕጉ የሠሪውን መብት ሲጠብቅ የያዡንም አልዘነጋም። ስለ መጀመሪያው የሚናገር አለ፤ ሁለተኛውን ግን ለተጠቃሚው የሚነግረው ሰው እምብዛም አይገኝም።

መደምደሚያ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የማያሟሉ መሣሪያዎች ብዙ ስለ ሆኑ የፎርማቱ ሥራ ከእንግዲህ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ሦስት ነገር አመለክታለሁ። አንደኛ፣ መሣሪያ የሚያስጠግን ሰው ሳያስደመስስ በፊት የዊንዶውሱን ዓይነት አይቶ በወረቀት ይጻፍ፤ ባለ ጥገናውንም «ያንኑ ጫንልኝ» ይበለው። ሁለተኛ፣ ባለ ጥገናዎች ይህን መርምሮ መጫን እንደ ተጨማሪ ሙያ ቆጥረው ቢያስከፍሉበት ተገቢ ነው፤ እኅቴ ደስ ብሏት ትከፍል ነበር። ሦስተኛ፣ እኛ በኮሌጅ የምንማር ሰዎች ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ ይህን ትንሽ ዕውቀት ይዘን እንሂድ።

የሽማግሌው ቃል አይመለስም። ቢሆንም የጎረቤት መምህር በሚመጣው ክረምት ላፕቶፑን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ፣ አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ይህ ጽሑፍ በከንቱ አልተጻፈም።