የመጀመሪያው ደብዳቤና የሌላው ተራ

ጥቂት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ በደብዳቤ ተራ በተራ እየተጻጻፉ አንድ ታሪክ የሚገነቡበት ጨዋታ በውጭው ዓለም ከተለመደ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1959 የታተመው «ዲፕሎማሲ» የተባለ የገበታ ጨዋታ ከ1963 ጀምሮ በፖስታ ይካሄድ ነበር፤ በ1974 የወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ደግሞ ተጫዋቹ በገጸ ባሕርይው አንደበት እንዲናገር መንገድ ከፈተ። ዛሬ ፖስታውን የስልክ መልእክት ቢተካውም፣ ሥራው ተውኔታዊ ነውና በኪነ ጥበብ ሚዛን ሊመዘን ይገባል።

ሚዛኑን ከሩቅ መበደር አያሻም። በእንቆቅልሽ ጠያቂው በጥያቄው አይጀምርም፤ «እንቆቅልሽ» ብሎ ያስታውቃል፣ ተጠያቂውም «ምን አውቅልህ» ብሎ ወደ ጨዋታው መግባቱን ያረጋግጣል። መልሱ የጠፋበት አገር እንደሚሰጥ ሁለቱም አስቀድመው ያውቃሉ። በእሰጥ አገባ ሙግትም ተሟጋቾቹ ማር ወይም ፈረስ ተወራርደው ይቆማሉ፤ ዳኛው ሥርዓት ያስከብራል እንጂ የማንንም ክርክር አይከራከርም። ፈቃድ፣ ተራና መያዣ፤ የደብዳቤው ጨዋታም የሚቆመው በእነዚህ ሦስት ምሰሶዎች ላይ ነው።

ለምሳሌ የጣና ዳርቻ መቼት ይሁን፤ ጉዳዩም ሐይቁን የወረረው እምቦጭ። አቃጁ «በጣና ዳር አራት ሰዎች ነበሩ» ብሎ ቢጀምር ሥዕል እንጂ ግጭት አልሰጠም። ነገር ግን መረቡ በአረም የተያዘበት የባሕር ዳር ዓሣ አስጋሪ፣ የግጦሽ መሬቱ የተበላበት የደንቢያ ገበሬ፣ ከዘጌ ቡና የሚያመላልስ ጀልባ ነጂና የደቅ ደሴት መምህር ለአረም ነቀላ በአንድ ቀን ቢጠሩ፣ ቀኑም የገበያ ቀን ቢሆን፣ እያንዳንዱ የሚያጣው ነገር አለው። የመጀመሪያው ደብዳቤ መልሱ በሌላ ሰው እጅ ባለ ጥያቄ ማለቅ አለበት።

የተጫዋቾቹ ቁጥር፣ የመልስ ቀነ ገደቡ፣ ዝም ያለ ሰው ገጸ ባሕርይ ዕጣ፣ ክርክር ሲነሣ የሚዳኘው ሰው፤ ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ደብዳቤ በፊት ሊወሰን ይገባል። ከሁሉ በላይ ማንም በሌላው ገጸ ባሕርይ አፍ አይናገር፤ ያለባለቤቱ ፈቃድም አይግደለው።

የዚህ ጥበብ ዋና ጠላት ፍጻሜውን አስቀድሞ የጻፈ አቃጅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ተባባሪ ደራሲያንን ሳይሆን ጸሐፊዎችን ይቀጥራል፤ ውጤቱም በብዙ እጅ የተጻፈ የአንድ ሰው ንግግር ይሆናል። ያለ ዕቅድ ጨዋታው ይበተናል የሚል ክርክር ቢነሣ፣ እውነት አለው። ይሁን እንጂ የሚታቀደው ግጭቱ እንጂ መፍትሔው አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ መምህሩ መንገዱን ያሳያል፤ ቅኔውን ግን ተማሪው ራሱ ቆጥሮ ይነግረዋል። መምህሩ ያርማል እንጂ አይቆጥርለትም።

በትምህርት ቤት የኪነት ክበባት አንዱ የጻፈውን ሌሎች ሸምድደው የሚያሰሙበት ልማድ ሥር የሰደደ ነው። ይህን ልማድ ለመፈተን አራት ተማሪዎች፣ አራት ገጸ ባሕርያትና አንድ በሚገባ የታሰበበት የመክፈቻ ደብዳቤ ይበቃሉ። መምህሩ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከላከ በኋላ ግን ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ይጠብቀዋል፤ ብዕሩን አስቀምጦ የሌላውን ተራ መጠበቅ።