ጉዱ ካሣ ወንበር ቢያገኝ

«ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ጉዱ ካሣ ያልተባለ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፈላስፋ ነው ተብሏል፤ ነቢይ ነው ተብሏል፤ ከዘመኑ ቀድሞ የተወለደ ለውጥ ፈላጊ ነው ተብሏል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማማ የገጸ ባሕርይውን ድምፅ ከጆሮው ሊያወጣው አይችልም። እኔም ለካሣ ዳምጤ ያለኝ ፍቅር ከማንም አያንስም። ይሁን እንጂ ልቦለዱን ባነበብኩት ቁጥር የምትከነክነኝ አንዲት ጥያቄ አለች። ለመሆኑ ጉዱ ካሣ ያን ሁሉ ሲናገር ማን መለሰለት?

ሐያስያን ሲያወድሱት የኖሩት ምላሱን ነው። ስለ ባላባትና ስለ ገባር፣ ስለ ልማድና ስለ ሃይማኖት የሚናገረው ደፋር ቃል ይጠቀሳል፤ በጎጃም ደጋ መካከል ብቻውን መቆሙ ይደነቃል። የተናገረው ነገር ምን ላይ እንደ ወደቀ ግን ብዙም አልተመረመረም። ልብ ብለን ካየነው ካሣ አፉን የተለጎመ ሰው አይደለም። የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፤ ከቤታቸው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይናገራል። የሚሰማው ሰው ግን ወይ ይስቃል ወይ ያማትባል። «ጉዱ» የሚለው ቅጽል የተሰጠውም ለዚሁ ነው። እብድ ለተባለ ሰው መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትምና፣ ስሙ ራሱ እንደ ደንብ ሆኖ ያገለግላል፤ ይናገር፣ አይመለስለት ይላል።

የልቦለዱን ሌላ ገጽ ደግሞ እንግለጥ። ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ጋር በግብር ሲጣሉ ጠቡ በክርክር አልተፈታም። ባላገሩ አበጀ በለውን ይዞ ተነሣ፤ ፊታውራሪም በጦር ሜዳ ተማረኩ። እንግዲህ ደራሲው ሁለት ዓይነት ተቃዋሚ አሳይተውናል፤ በአዳራሹ ውስጥ የሚናገርና የማይመለስለት፣ እንዲሁም አዳራሹን ትቶ ጫካ የገባ። በሁለቱ መካከል መኖር የነበረበት ሦስተኛው ሰው የለም። ይህ ሦስተኛ ሰው በቁጥር የሚያንስ፣ ነገር ግን ጥያቄውን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ብዙኃኑን «መልሱልኝ» ብሎ ማስገደድ የሚችል ሰው ነው። ስለ አናሳ ፓርቲ መብት ስናወራ የምናወራው ስለዚህ ሰው ይመስለኛል።

ልቦለዱ በወጣ በሁለተኛው ዓመት እውነተኛው ጎጃም ተመሳሳይ ነገር አየ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ በፓርላማ በኩል አልፎ ታወጀ። ፓርላማው በዚያን ጊዜ ሁለት ምክር ቤት ነበረው፤ የሕግ መምሪያና የሕግ መወሰኛ። ፓርቲ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። የጎጃም ገበሬ ርስቴ ሊለካብኝ፣ ገባር ልደረግ ነው ብሎ ሠጋ፤ ሥጋቱን ይዞ የሚከራከርለት የተደራጀ ወገን በምክር ቤቱ ውስጥ አላገኘም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሞጣና የዳሞት ሽማግሌዎች ሲያወሩት ኖረዋል። ገማቾቹ ተባረሩ፤ ገበሬው መሣሪያ አነሣ፤ ጦርና አውሮፕላን ዘመተበት። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። በክርክር ሊገኝ ይችል የነበረው ነገር በደም ተገኘ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ የአገራቸውን ሰው ጠባይ አሳምረው ያውቁት ነበር።

አንዳንድ ሰው «የአናሳ መብት የፈረንጅ ነገር ነው» ሲል እሰማለሁ። አይደለም። በላ ልበልሃን እናስታውስ። በዚያ ሙግት ተከራካሪው «ተጠየቅ!» ሲል ባላጋራው በሀብትም በዘርም ቢበልጠው ቆሞ ይመልሳል። ውርርድ ይገባል፤ ዋስ ይጠራል፤ ሸንጎው ያደምጣል። ድሃው ሊረታ ይችላል፤ ያለ መልስ ግን አይሸኝም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የኛ እንደ ሆነ ሁሉ «ተጠየቅ»ም የኛ ነው። ምክር ቤቶቻችን ግን ከሁለቱ የወረሱት የመጀመሪያውን ይመስላል።

ምስክሩ ሩቅ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ብቻውን 109 ወንበር አገኘ። በዚያው ክረምት ዘመኑን የሚጨርሰው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደንቡን ለወጠ። ቀድሞ 20 አባላት አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር፤ አሁን ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል ተባለ። ነገሩን አስተውሉት፤ ማንም አትናገሩ አላለም። ግን ምን እንደሚነገር የሚወስነው ብዙኃኑ ብቻ ሆነ። ጉዱ ካሣን ወንበር ሰጥቶ «ጉዱ» የሚለውን ስም እንዳይለቀው ማድረግ ይኸው ነው። ደንቡ በ1998 ዓ.ም. እንደገና ተሻሽሎ ወጣ፤ የፈሰሰው ደም ግን ከመሻሻሉ ቀድሞ ነበር። አጣሪ ኮሚሽኑ በዚያ ቀውስ የ193 ሲቪሎችና የ6 ፖሊሶች ሕይወት መጥፋቱን መዝግቧል። ደም ያፈሰሰው ደንቡ ብቻ ነው አልልም፤ እንዲህ ካልኩ እዋሻለሁ። የቅንጅት ተመራጮችም ገሚሶቹ ወንበራቸውን ሳይዙ መቅረታቸው እዳው የራሳቸው ነው፤ ያልተያዘ ወንበር ጥያቄ አያቀርብምና።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እየመነመነ ሄደ። በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበሮች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ። ከተቃዋሚ ፓርቲ የገቡት የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፤ ሌላው አንድ ወንበር የግል ተወዳዳሪ ነበር። ደንቡ 20 ሰው ቢልም 10 ሰው ቢልም አንድ ሰው ሁለት አይሆንም። የንግግር ጊዜ በወንበር ብዛት ሲደለደል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ደቂቃ ብቻ ነው። በ2007 ዓ.ም. ያም አንድ ቀረና 547ቱም ወንበር የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር አገኙ፤ ብልጽግና በሰኔው ድምፅ ብቻ 410 ወሰደ። የአብኑ ተመራጭ አቶ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥትን ወጪ የሚቆጣጠረው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ሠሩ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ጅምር ነበር። የገንዘብ ጥያቄ የሚጠይቀው ገንዘቡን ከማያዝዘው ወገን ሲሆን «ተጠየቅ» ጥርስ ያወጣል። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ እኚሁ ተመራጭ ታሰሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሣው ግን ከወራት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ነበር። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። በዚያው ክረምት የጎጃም ገጠር እንደገና የጥይት ድምፅ ሰማ።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር ለብዙኃኑ በጎ ፈቃድ አልተወውም። በእንግሊዝ ምክር ቤት በየጉባኤ ዘመኑ 20 ቀን የመወያያውን ርዕስ የሚመርጡት ተቃዋሚዎች ናቸው። በጀርመን ከአባላቱ አንድ አራተኛው ከጠየቀ አጣሪ ኮሚቴ መቋቋም ግዴታ ነው። በሕንድ የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረውን ኮሚቴ ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ ተቃዋሚ እንዲመራው ልማድ ሆኗል። በሦስቱም አገር ብዙኃኑ ድምፅ ሲሰጥ ያሸንፋል። መልስ ሳይሰጥ ማሸነፍ ግን ይከብደዋል።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልመለስና በታላቁ ደራሲ ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። ሐዲስ ዓለማየሁ ጉዱ ካሣን እጅግ ወደዱት፤ ስለ ወደዱትም ብርቱ ተከራካሪ አላቆሙለትም። እሱ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ባላንጣዎቹ በልማድና በቁጣ ይመልሳሉ። አንባቢው ሳይከራከር ከካሣ ጋር ይስማማል። ስለዚህ ፊታውራሪ በቤታቸው ካሣን ሳይመልሱለት እንዳሸነፉት ሁሉ፣ ካሣም በመጽሐፉ ውስጥ ባላንጣዎቹን ያለ ሙግት አሸነፋቸው። ሁለቱም ቦታ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ይህ የደራሲው ብቻ ጉድለት አይመስለኝም፤ የኛ የሁላችንም ነው። ተቃዋሚ ስንሆን ጉዱ ካሣን እንወዳለን፤ ሥልጣን ስንይዝ ፊታውራሪን እንሆናለን፤ ሙግቱን ራሱን የሚወድ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ደፋር ተናጋሪ ስላገኘን ብቻ እፎይ አንበል። ደፋር ተናጋሪ ጎጃምም ሆነ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል አጥቶ አያውቅም። ያጣነው ለደፋር ተናጋሪ መልስ የሚያስገድድ ደንብ ነው። ወደፊት ምክር ቤት ሲመረጥ አንባቢ የወንበሩን ቁጥር ብቻ ቆጥሮ እንዳይተኛ እለምናለሁ። አጀንዳ ለማስያዝ ስንት ሰው ያስፈልጋል? ሒሳብ የሚመረምረው ማን ነው? ሚኒስትሩ ባይመልስ ምን ይደረጋል? እነዚህን ጠይቁ። ሰው በአዳራሹ ውስጥ መልስ የሚያገኝበት አገር አበጀ በለውን ከጫካ አይጠብቅም።