ለምድና ዩኒፎርም፤ ስለ ፈረሰኛ አለቆች የክብር ልብስ አተረጓጐም

የጥንት ፈረሰኛ አለቆችን የክብር ልብስ የሚገልጹ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቃል ይረካሉ፤ አንዱ «ጌጥ»፥ ሁለተኛው «ዩኒፎርም» ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያን ለምድና የአውሮፓን የሁሳር ልብስ በአንድ ስም መጥራት የሁለቱንም ትርጉም ያደበዝዛል።

በመነሻቸው ሁለቱ ልብሶች ተቀራራቢ ናቸው። ሁሳር የተባለው ቀላል ፈረሰኛ ከሀንጋሪ የወጣ ሲሆን፥ በግራ ትከሻው ላይ የሚያንጠለጥለው ባለጠጕር ካፖርት መጀመሪያ ለብርድ መከላከያ የተሠራ ነበር። ለምድም የአንበሳ ወይም የጌሴላ ቆዳ፥ ወይም በወርቅ ክር የተጠለፈ ከፋይ ሆኖ በመኳንንት ትከሻ ላይ ቢታይም፥ በደጋ እረኛ ዘንድ ብርድና ዝናም የሚመክት የበግ አጐዛ ነው። «የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» የሚለው አነጋገር ይህንኑ ያስታውሳል። እንግዲህ ዋናው ልዩነት ልብሱ ወደ አለቃው ትከሻ በደረሰበት መንገድ ላይ ነው።

የሁሳር ክፍለ ጦር በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1692 ተቋቋመ፤ በእንግሊዝም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስሙና ልብሱ ገባ። መኰንኑ ልብሱን የሚያሠራው በራሱ ገንዘብ ነበር፤ ቀለሙንና ቅርጹን የሚወስነው ግን የክፍሉ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በባላክላቫ የተሰለፈው 11ኛው የሁሳር ክፍል በቀይ ሱሪው ይታወቅ ነበር። ልብሱ ሰውየው የየትኛው ክፍል እንደ ሆነ ይናገራል፤ ምን እንደ ሠራ ግን አይናገርም።

ለምድ ግን ከንጉሥ ወይም ከጌታ እጅ የሚሰጥ ነው። «ሸለመ» የሚለው ግስ ማስጌጥንም ለውለታ መስጠትንም በአንድነት ስለሚይዝ፥ በአማርኛ ጌጡና ዋጋው አልተለያዩም። በብር የተለበጠ ጋሻ፥ ጎራዴና ቢትወም በዚሁ ሥርዓት ይሰጡ ነበር። ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፥ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» በተባለ የፈረስ ስም እንደ ታወቁ ሁሉ፥ ሽልማቱም የአንድን ሰው ዝና ይከተላል።

የቆዳው ዓይነት ማዕረግን ስለሚያመለክት ለምድም ዩኒፎርም ነው የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። በከፊል እውነት ነው፤ ሆኖም ማዕረጉ ራሱ በሽልማት የሚገለጥ እንጂ በክፍለ ጦር አባልነት የሚገኝ አልነበረም። ሁለቱ ሥርዓቶች በእውነት የተገናኙት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፥ የክብር ዘበኛ መኰንኖች ዘመናዊውን ልብስ ከአንበሳ ጎፈር ጋር በለበሱ ጊዜ ነው። ቀድሞ የአንበሳ ገዳይ ወይም የተሸላሚ ምልክት የነበረው ጎፈር በዚያን ጊዜ የአንድ ክፍል መለዮ ሆነ። መንግሥቱ በ1967 ዓ.ም. ሲወድቅ ይህም ሥርዓት አብሮ ቀረ።

ይህ ክርክር የቃል ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ ብዙ ዕቃዎች ዛሬም በእንግሊዝ አገር ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። የሁሳር ልብስ ባለቤቱ ባይታወቅም በቀለሙና በቍልፉ ክፍሉ ሊለይ ይችላል፤ ስለ ለምድ ግን ከፋዩንና የወርቅ ክሩን ብቻ የሚመዘግብ መግለጫ ዋናውን ነገር ይተወዋል። ስለዚህ መዝገቡ ሰጪውን፥ ተቀባዩን ከነፈረስ ስሙ፥ የተሰጠበትንም ምክንያት ሊጠይቅ ይገባል። ይህንንም ከአባቶች የሰሙ ቤተ ዘመዶች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ያስፈልጋል።