«ክፈፍ»፣ «ብየዳ»ና «ማሳ»፦ በአንድ የጥገና መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

በቅርቡ በእጃችን የገባ አንድ የጥገና መመሪያ ለዚህ ሂስ መነሻ ሆኖናል። መመሪያው በግጭት የተጎዳ የኤሌክትሪክ የጭነት መኪና ዋና ተሸካሚ አካል እንዴት እንደሚጠገን የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ጽሑፍ ነው። የተርጓሚውንም ሆነ ያስተረጐመውን ክፍል ስም አናነሣም፤ ስሕተቶቹ በሙያ ቃላት ስያሜ የተሰማራን ሁሉ የምንጋራቸው ናቸውና። ጽሑፉን የመረመርነው በመጻሕፍት ቤት ተቀምጠን አይደለም። ጐንደር ከተማ ውስጥ ጋራዥ ገብተን፣ ለመካኒኮች ጮክ ብለን እያነበብን፣ የሰሙትን እንዴት እንደተረዱት እየጠየቅን ነው።

ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ከጐንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው፣ ከዚያም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ የጣልያን ወረራ ዘመን ሥራ ነው። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በጐንደር የነበረው የመጨረሻው የጣልያን ጦር እጁን ሲሰጥ ሰዎቹ ሄዱ፤ የመኪናው ቋንቋ ግን በአገሪቱ ጋራዦች ቀረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ ዛሬ እንግድነታቸው ለማንም ትዝ አይልም። በ1989 ዓ.ም. «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» ሲታተም በባትሪ የሚሄድ የጭነት መኪና ለአገራችን ጋራዥ ጥያቄ አልነበረም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ግን ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መተርጐም የማይቀር ሥራ ሆኗል።

ከ«ክፈፍ» እንጀምር። ተርጓሚው እንግሊዝኛው «ፍሬም» ያለውን ሁሉ «ክፈፍ» ብሎታል፤ ርእሱም «የመዋቅራዊ ክፈፍ ጉዳት ጥገና» ይላል። ክፈፍ የሥዕል ዙሪያ ወይም የጣራ ጠርዝ ነው፤ ዳር እንጂ ተሸካሚ አይደለም። ያነበብንላቸው መካኒኮች የመሰላቸውም በበርና በመስኮት ዙሪያ ያለው ላሜራ ነበር። ባትሪውንና ጭነቱን የሚሸከመው አካል በጋራዥም፣ በሊብሬም፣ በሐራጅ ማስታወቂያም «ሻንሲ» ይባላል። አዲስ ቃል መፍጠር አይገባም ማለታችን አይደለም፤ «ወዝአደር»ና «ርዕዮተ ዓለም» ተፈጥረው ኖረዋል። እነርሱ ግን ባዶ ቦታ ነው የሞሉት። የሻንሲ ቦታ ባዶ አይደለም።

ከዚህ የባሰም አለ። ሁለቱን ረጃጅም የጎን ብረቶች የሚያያይዙት አግድም ብረቶች በትርጉሙ «ተሻጋሪ አባላት» ተብለዋል። አንድ ወጣት ረዳት «የየትኛው ማኅበር አባላት?» ብሎ አሳቀን። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ የደጋ ሰው ቋሚውን ከቋሚ የሚያያይዘውን እንጨት «ማገር» እንደሚለው ያውቃል፤ «የሻንሲ ማገር» ስንል ማንም ማብራሪያ አልጠየቀንም።

ዋናው ጽሑፍ አምስት ዐይነት የሻንሲ ጉዳት ለይቶ ያቀርባል። ትርጉሙ አምስቱንም «መጣመም» ብሎ፣ «አንደኛ ዐይነት መጣመም»፣ «ሁለተኛ ዐይነት መጣመም» እያለ በቁጥር ይለያቸዋል። የቃል ድህነት ነው እንዳንል ጋራዡ ሀብታም ነው። ሻንሲው ወደ ጎን ሲታጠፍ «ተወላግዷል»፣ መካከሉ ወደ ታች ሲወርድ «ሰምጧል»፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ተቃራኒ ሲዞር «ተጠምዝዟል»፣ የብረቱ ግድግዳ ሲታጠፍ «ተጨማዷል» ይላሉ። አንዱ የጎን ብረት ተመትቶ ከጓደኛው ወደ ኋላ ሲቀርማ «ሸሽቷል» ነው ቃሉ፤ ከዚህ የተሻለ ስያሜ ማንም አካዳሚ አያወጣም። እነዚህ ቃላት ጌጥ አይደሉም። እያንዳንዱ የራሱን ልኬት ያዛል። «ሸሽቷል» የተባለ እንደሆነ ሲባጎ ከማእዘን ወደ ማእዘን ይዘረጋል፤ ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ካልሆኑ ጥርጣሬው ተረጋገጠ። «ተጠምዝዟል» ከተባለ ግን ይኸው ሲባጎ ሊያታልል ይችላል፤ ከፊትና ከኋላ በሻንሲው ላይ ሁለት ዘንግ አጋድሞ ትይዩ መሆናቸውን በዐይን ማየት ያስፈልጋል። «ሁለተኛ ዐይነት መጣመም» የሚል ሰው ምን ይለካ?

እስከዚህ ድረስ ከጋራዡ ጋራ ቆመን ተርጓሚውን ወቅሰናል። ይሁን እንጂ ጋራዡም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

«ብየዳ» የሚለው ቃል ብረትን ከብረት አቅልጦ ማዋሐድንም፣ የሽቦ ጫፍን በቀላጭ ማዕድን ማጣበቅንም አንድ ላይ ይሸፍናል። በመመሪያው አንድ ገጽ ላይ የሽቦ ጫፍ «ይበየድ» ይላል፤ በሚቀጥለው ገጽ ሻንሲው «ሙቀት የታከመ ብረት» ስለሆነ አምራቹ ካልፈቀደ «አይበየድ» ይላል። ብረቱ ታሞ ነበር ወይ ያሰኛል! «በእሳት የጠና ብረት» ቢባል ኖሮ ምክንያቱ ከስሙ ይነበብ ነበር። ቢላዋ የሚሠራ ቀጥቃጭ እሳት ላይ የቆየ ስለት እንደሚለዝብ ያውቃል፤ በእሳት የጠና ሻንሲም ያለ ልክ ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል፣ ላዩ ግን ደኅና ይመስላል። ጉድለቱ የሚታየው ጭነት ተሸክሞ ሊማሊሞን ሲወርድ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው «በቀላጭ ማጣበቅ» የሚለውን፣ ለሻንሲው ማስተካከያም «ሳይሞቅ ማቃናት» የሚለውን እንመርጣለን። ረዘሙ ቢባልም እንቀበላለን።

«ማሳ» ደግሞ ከሁሉ ያስፈራናል። ቃሉ በጣልያንኛ የመኪናውን አካል እንደ አሉታዊ ሽቦ ሆኖ ሲያገለግል ያመለክታል፤ ከዳባት የመጣ ገበሬ ሲሰማው የገብስ እርሻው ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። በቃሉ ውስጥ የአሮጌው መኪና ፊዚክስ ተቀምጧል፦ የባትሪው አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋራ የታሰረ ነው፣ ስለዚህ የቴስተሩን አንድ ሽቦ ሻንሲው ላይ፣ ሌላውን መሥመሩ ላይ ማድረግ ኀይል መኖር አለመኖሩን ይነግራል። በኤሌክትሪክ የጭነት መኪና ይህ እውነት የሚሆነው ለመብራትና ለመሳሰለው ለ24 ቮልቱ መሥመር ብቻ ነው። በብርቱካንማ ገመድ የሚሄደው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ግን ሆን ተብሎ ከሻንሲው ተነጥሎ የተሠራ ነው። ከሻንሲ ወደ አንዱ ገመድ ብቻ ለክቶ «ምንም የለም» ያለ መካኒክ፣ በሁለቱ ገመዶች መካከል ገዳይ ኀይል ሊጠብቀው ይችላል። ትርጉሙ «ኀይል አለመኖሩን ከማሳ አረጋግጥ» ይላል። ዋናው ጽሑፍ ግን ልኬቱ በአዎንታዊውና በአሉታዊው ገመድ መካከል፣ እንዲሁም ከእያንዳንዳቸው ወደ ሻንሲው ይደረግ ነው የሚለው። ተርጓሚው ለአንባቢው ቅርብ ለመሆን ብሎ የጋራዡን ቃል መምረጡ በሌላ ቦታ የምናመሰግነው ነበር።

«ሞተ»ም እንዲሁ ነው። ሞተር ማስነሣት ያቃተው አሮጌ ባትሪ «ሞቷል» ይባላል፤ ማንንም አይጎዳም። በግጭት የተመታ የሊቲየም ባትሪ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ መኪናው ከቤትና ከሌሎች መኪናዎች ርቆ በገላጣ ቦታ እንዲቆም ይመከራል። ትርጉሙ «ባትሪው መሞቱን አረጋግጠህ ወደ ሥራ ግባ» ሲል አንባቢው የሚረዳው ተቃራኒውን ነው። «ግንኙነቱ መቋረጡን» ቢል ይበቃ ነበር።

በመጨረሻ የራሳችንን ሐሳብ ለፈተና አቀረብን። ትርጉሙ «አይሶሌሽን»ንም «ኢንሱሌሽን»ንም «ማግለል» ስላላቸው፣ ለመጀመሪያው «መነጠል»፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ልባስ ለሆነው ለሁለተኛው «መሸፈን» ብለን «የተነጠለ ሻንሲ» የሚል ሐረግ አነበብን። ከመካኒኮቹ በዕድሜ የገፉት «ከምን የተነጠለ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። «ከከፍተኛው ቮልት መሥመር የተነጠለ ሻንሲ» ብለን በወረቀታችን ላይ አረምን።