አምና ወይስ ጥንት? ያለፈ ዘመንን የሚጠሩ ያረጁ የእንግሊዝኛ ቃላት

«ዮር»፣ «ዊሎም»፣ «ኧርስትዋይል»፣ «የስተርይር»፤ እነዚህ ያለፈ ዘመንን የሚጠሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ «ጥንት» ወይም «ድሮ» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እንዲህ ሲደረግ ግን የዕድሜያቸው ብቻ ሳይሆን የሥራቸውም ልዩነት ይጠፋል። አንድን ቃል ጥንታዊ የሚያሰኘው የተወለደበት ዘመን ሳይሆን ተናጋሪው የሚያውልበት ቦታ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ዋናው ማስረጃዬ «የስተርይር» ነው። ለጆሮ ከሁሉም ያረጀ የሚመስለው ይህ ቃል ከአራቱ ለጋው ነው። ገጣሚውና ሠዓሊው ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ የፈረንሳዊውን የፍራንሷ ቪዮንን ባላድ ሲተረጉም «ትናንት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻውን ወስዶ ከ«ዓመት» ጋር አጣመረው፤ ትርጉሙም በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግጥም መድበል ውስጥ ወጣ። ቪዮን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ቃል «አንታን» ነው። ከላቲኑ «አንቴ አኑም» የወረደ ሲሆን ፍቺው አምና ማለት ነው።

ባላዱ ከሮማዊቷ ፍሎራ አንሥቶ በ1431 በእሳት እስከ ተቃጠለችው ዣን ዳርክ ድረስ ስመ ጥር ሴቶችን እየጠራ የት እንደ ደረሱ ይጠይቃል፤ በአዝማቹ ደግሞ ስለ አምናው በረዶ ይጠይቃል። የግጥሙ ኀይል ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ከሺህ ዓመት በፊት ያለፈችውም፣ ከጥቂት ወራት በፊት የቀለጠውም በመጥፋት እኩል ይሆናሉ። ሮሴቲ ይህን ቅርበት በቃሉ አሠራር ውስጥ ጠብቆታል። ከእሱ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ግን ቃሉን ለማይለካ ሩቅ ዘመንና ለናፍቆት አዋሉት፤ ስለቱም ደነዘ።

የ«ዊሎም» ጉዞ ሌላ ነው። በብሉይ እንግሊዝኛ «አንዳንዴ» ማለት ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚው ቾሰር «የፈረሰኛው ተረት»ን ጨምሮ በርካታ ተረቶቹን የጀመረበት ሲሆን፣ እዚያ ላይ ሥራው ልክ የእኛው «ከዕለታት አንድ ቀን» ነው። ገጣሚው ኤድመንድ ስፔንሰር በ1579 «የእረኞች የቀን መቁጠሪያ» የተሰኘውን የግጥም መጽሐፉን እንዲህ ባሉ አሮጌ ቃላት ሲያስጌጥ መጽሐፉ ከነመፍቻው ታተመ፤ ያኔውኑ አንባቢው እርዳታ ይሻ ነበር ማለት ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ቤን ጆንሰን ይህን የስፔንሰርን ቋንቋ አጥብቆ ነቅፏል። ነቀፋው ግን ከመጠን በላይ የጠነከረ ይመስለኛል፤ ስፔንሰር ለቾሰር ያለውን የደቀ መዝሙርነት ክብር የገለጸው በእነዚሁ ቃላት ነውና። «ዮር» በበኩሉ ዛሬ ከአንድ የተለመደ ሐረግ ውጭ እምብዛም አይሰማም።

«ኧርስትዋይል» («የቀድሞ») በሌላው ዓለም የመጽሐፍ ሽታ ቢኖረውም በሕንድ እንግሊዝኛ ግን በየዕለቱ ይሠራል። የ1971ዱ 26ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የአገሪቱን መሳፍንት ዕውቅናና አበል ከሻረ ወዲህ የሕንድ ጋዜጦች ቤተሰቦቻቸውን በዚህ ቃል ይጠራሉ። እንዲሁም የቴላንጋና ግዛት ሰኔ 2 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ከአንድራ ፕራዴሽ ስትለይ የቀረው ግዛት የነበረውን ስም ይዞ ቀጠለ፤ ስለዚህ ያልተከፈለውን አንድራ ከዛሬው ለመለየት ቃሉ የግድ አስፈለገ። እዚህ ጌጥ የለም፤ ወሰን ማመልከቻ ነው።

የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ጥንታዊ» የሚል ምልክት ሲያኖሩ ቃሉ የትና በማን ዘንድ እንዳረጀ ቢጨምሩበት መልካም ነው። የቪዮንን ባላድ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ደግሞ «የጥንቱ በረዶ» አይበል፤ «አምና» የሚል ቃል አለንና በእሱ ይጠቀም።