ሲቆም የሚረጋ

ከጋዝ ናፍጣ በሚያወጣ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛውን ቀን ከሌት የሚያለፋው ጋዙም ናፍጣውም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል የሚወለደው ሰም ነው። ጋዙ በቧንቧ ይገባል፣ ናፍጣው በመርከብ ይሄዳል። ናፍጣን ታንክ ውስጥ ትተኸው ብታድር ነገም ናፍጣ ነው። ሰም ግን ፊትህን ካዞርክበት ይረጋል፤ ቧንቧ ውስጥ ከረጋ ደግሞ ቧንቧው ቧንቧ መሆኑ ያበቃል።

ኳታር ራስ ላፋን ከሚሠሩት አንዱ ነኝ። ለእረፍት ወደ አገሬ ሀብሩ፣ ውርጌሳ ስገባ ሥራዬን ማስረዳት ይቸግረኛል፤ ነዳጅ ለእኛ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነገር ነው፣ ከዚያ ወዲያ አይጠየቅም። መርሳ ከተማ የሚማረው የእህቴ ልጅ ግን አይለቀኝም። «አያ፣ ጋዝ እኮ በን ብሎ የሚጠፋ ነገር ነው። ምን ተደርጎ ነው ሰም የሚሆነው?»

ጥያቄውስ ጥያቄ ነው። መልሱን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጀርመን አገር ያገኙት ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ ናቸው፤ የእነሱ ጋዝ ከድንጋይ ከሰል የወጣ ነበር። ዛሬ የተፈጥሮ ጋዝ በኦክስጅን ይሰበርና ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይሆናል። ይህ ድብልቅ ከ200 እስከ 240 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ20 እስከ 30 ባር በሚደርስ ግፊት ኮባልት ያለበት ካታሊስት (ሂደቱን የሚያፋጥን ቁስ) ላይ ሲያልፍ ካርቦኑ አንድ በአንድ እየተቀጠለ ሰንሰለት ይሠራል። ሰንሰለቱ በየደረጃው ወይ ይረዝማል ወይ ይቆማል፤ «እዚህ ላይ ቁም» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። አጭር እንዲሆን ከፈቀድክለት ግማሽ መንገድ ሄዶ መልሶ ጋዝ ይሆንብሃል፣ ልፋትህ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሆን ተብሎ በጣም እንዲረዝም፣ ማለትም ሰም እንዲሆን ይደረጋል። ከዚያ በሌላ ክፍል በሃይድሮጅን ተቆራርጦ ናፍጣ፣ ኬሮሲንና ናፍታ ይወጣዋል። በነገራችን ላይ ከዚህ ሥራ በክብደት ከነዳጁ ይልቅ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ በረሃ መሃል ሆኖ ይህን ማየት ይገርማል።

እዚሁ ራስ ላፋን፣ ኦሪክስ የሚባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያ ጭነቱን ላከ፤ አቅሙ በቀን 34 ሺህ በርሜል ነው። ፐርል በ2011 ተከተለው፤ የእሱ አቅም 140 ሺህ በርሜል ነው፣ በዓለም ትልቁም እሱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሳሶልበርግ ደግሞ ከ1955 ጀምሮ በዚሁ መንገድ የሚገኘውን ሰም ሳይቆራርጡ ለሻማና ለማጣበቂያ የሚሸጡ አሉ።

ሰሙን በቅርብ የሚያውቀው ናሙና የሚቀዳ ሰው ነው። ከቫልቩ ሲወርድ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ አዲስ ሰው ውሃ መስሎት እጁን ሊሰድ ይችላል፣ ያ ደግሞ ቆዳ ላይ ተጣብቆ እያቃጠለ የሚረጋ ነገር ነው። መቅጃው ቆርቆሮ አስቀድሞ ካልሞቀ የመጀመሪያው ጠብታ ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ናሙናውም አያገለግልም። በሞቀ ቆርቆሮ ተቀድቶ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ከላይ ስስ ቆዳ ያበጃል፣ ከዚያ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ይጠነክራል። በዚያን ጊዜ የምታየው ቀለሙን ነው። ድፍን ነጭ ከሆነ ደህና ነው። ግራጫ ካለበት ሰሙን ከካታሊስቱ የሚለየው ማጣሪያ ደቃቅ እያሳለፈ ነው ማለት ነው፤ ያ ደቃቅ ቆራጩ ክፍል ከደረሰ እዚያ ያለውን ሌላ ካታሊስት ይደፍነዋል። ቤተ ሙከራው ውጤቱን እስኪልክ ድረስ የሰለጠነ ዓይን ነግሮህ ጨርሷል። ሽታ አለመኖሩንም ልብ በል። ይህ ሰም ድኝ የለውም፣ አይሸትም፤ ሲያፈስም በአፍንጫ አይታወቅም። ካርቦን ሞኖክሳይዱም እንዲሁ ሽታ የለውም፤ ደረታችን ላይ የምንሰካት ማንቂያ ለዚህ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ስለ ሙቀት ነው። የኳታር ሐምሌ 45 ዲግሪ ይደርሳል፤ በዚህ ሙቀት ሰም የሚረጋ አይመስልም። ከባዱ ሰም ግን 80 እና 90 ዲግሪ ላይም ይረጋል፤ ለእሱ የበረሃ ቀትር ብርድ ነው። ስለዚህ በየቧንቧው ጎን ቀጭን የእንፋሎት ቱቦ ይሄዳል፣ ሁለቱ አብረው በሙቀት መከላከያ ይጠቀለላሉ። ከእንፋሎቱ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያስወጣ ስቲም ትራፕ የሚባል ትንሽ ዕቃ በየርቀቱ አለ፤ እሱ ከተበላሸ ቱቦው በቀዝቃዛ ውሃ ይሞላል። ቧንቧው የሚረጋው እዚያው ቦታ ላይ ነው። እኔ የሥራውን ግማሽ ትራፕ መዞር ነው እላለሁ። አለቆች ግን ይህን የጀማሪ ሥራ ያደርጉታል፤ በዚህ አልስማማም። ትራፕ በጆሮና በእጅ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ደህናው ጥቂት ያፏጭና ዝም ይላል፤ የሞተው ዝም እንዳለ ይቀራል፤ ተከፍቶ የቀረው ደግሞ ሳያቋርጥ ያፏጫል።

ሰም ሲሄድ አይፈትንህም፤ ፈተናው ሲቆም ነው። ፓምፕ ሲጠፋ፣ መብራት ሲቋረጥ፣ ቦይለር ሲወድቅ ሰዓት መቁጠር ይጀመራል። ወፍራሙ መስመር ሙቀቱን ለረጅም ሰዓት ይይዛል፤ ቀጭኑ ቶሎ ይረጋል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚረጋው ወደ ግፊት መለኪያው የምትሄደው የጣት ውፍረት ያላት ቱቦ ናት። ክፉው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቱቦዋ ስትደፈን መለኪያው አይጮህም፤ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ከውስጥ ግፊቱ ሌላ ሆኖ ሳለ መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ሰው ሰላም ያያል። ስለዚህ ከመቆም በኋላ ቀጥ ብሎ የማይነቃነቅ ቁጥር ሳይ እጠረጥራለሁ። ጤነኛ መለኪያ ትንሽም ቢሆን ይዋዥቃል።

የረጋን መስመር ማቅለጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቤቱ ሰፈፍ የተነጠረበት የሀብሩ ሰው ሁሉ ሰም በዝግታ እንጂ በኃይል እንደማይቀልጥ ያውቃል፤ እዚህም ያው ነው፣ ልዩነቱ ድስቱ ክዳን ያለውና የተቆለፈ መሆኑ ነው። ሰም ሲቀልጥ ይዘቱ አሥር ከመቶና ከዚያም በላይ ይሰፋል። መሃሉን መጀመሪያ ብታሞቀው የቀለጠው መውጫ አያገኝም፤ በግራም በቀኝም በረጋ ሰም ተዘግቶ ግፊቱ ይጨምራል፣ ወይ ቧንቧው ይሰነጠቃል ወይ ድፍኑ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ይወጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከተከፈተው ጫፍ ተነስተህ ወደ ውስጥ ትሄዳለህ፤ የቀለጠው መውጫ ይኑረው። በእሳት ነበልባል ማሞቅማ አይነሳም። የሚያልበው ወጣት ሲቸኩል «ተወው፣ ራሱ ይመጣል» እለዋለሁ፤ አለመቸኮል የሚከፈልበት ሌላ ሥራ አላውቅም።

የአገሬን ነገር ሳስብ የኦጋዴኑ የጋዝ መስክ ካሉብ ይመጣብኛል። ጋዙ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥትና ስንት ኩባንያ ተፈራረቀበት። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የተመረቀው የመጀመሪያው ምዕራፍ ጋዙን አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርግ ነው፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ይባላል። ጋዙ በኬሚካላዊ ይዘቱ አይለወጥም፣ በብርድ ፈሳሽ ሆኖ ይጠባል እንጂ። ከጋዝ ናፍጣ እንሥራ ማለት ሌላ ነገር ነው፤ እንደ እኔ ለመጀመሪያ ደረጃ ቀዝቃዛውን መንገድ መምረጡ ጥሩ ነው። ናፍጣችንን በሙሉ ከውጭ ለምናመጣ ሰዎች ግን የሰሙ ፋብሪካ ማጓጓቱ አይቀርም፣ ጥያቄው አንድ ቀን ይነሳል። ከሰሙ የሚወጣው ናፍጣ፣ ሞተር ውስጥ ቶሎ መቀጣጠሉን የሚያሳየው የሴቴን ቁጥሩ ከ70 በላይ ነው፣ ድኝ የለበትም፤ የደሴን ዳገት የሚወጣ አይሱዙ ጭሱ የሚቀንስበት ነዳጅ ነው።

ያ ቀን መጥቶ የፋብሪካውን ሥዕል ካሳዩኝ ሰሙ የሚወለድበትን ሪአክተር መጨረሻ ነው የማየው። መጀመሪያ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ሁለተኛ ቦይለር የት እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ እሱስ በምን ነዳጅ ነው የሚነሳው? ቀጥሎ ቧንቧው በየት በኩል እንደሚያዘቀዝቅ፣ ፓምፑ ሲቆም ሰሙ በራሱ ክብደት ወደ የትኛው ታንክ እንደሚወርድ፣ ማንም የማይጠቀምባት የተዘጋች ጉጥ ቧንቧ የት የት እንዳለች። ከዚያም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ትራፕ የሚዞረው ሰው ማን እንደሆነና ደመወዙ ስንት እንደሆነ።